ውጤት አውጪ የውስን ሁነት ማሽን

የውስን ሁነት ማሽን ቁጥራቸው ከተወሰነ ሁነቶች በአንድ ጊዜ በአንዱ ብቻ የሚገኝ፣ ግብዓት በመጣ ቁጥር ወደ ሌላ የሚሸጋገር ወይም ባለበት የሚቆይ የስሌት ንድፍ ነው። ቀላሉ ዓይነት የቀረበለትን መርምሮ «ልክ ነው» ወይም «አይደለም» ከማለት አያልፍም። ውጤት አውጪው ግን በየእርምጃው ፊደል፣ ቁጥር ወይም ምልክት ያወጣል። ሁለት መልክ አለው፦ ጆርጅ ሚሊ እ.ኤ.አ. በ1955 ባቀረበው ንድፍ ውጤቱን ሁነቱና ግብዓቱ አብረው ይወስኑታል፤ ኤድዋርድ ሙር በ1956 ባሳተመው ደግሞ ሁነቱ ብቻውን።

የሚሊን ማሽን አማርኛ የሚተይብ ሁሉ በጣቱ ያውቀዋል። በላቲን ፊደላት ድምፅ በሚሠሩት ብዙዎቹ መተየቢያዎች «ደብረ ብርሃን» ብሎ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የዲን ቁልፍ ይመታል፤ «ድ» ይወጣና ማሽኑ አናባቢ ይጠብቃል። የኢ ቁልፍ ሲከተል ሳድሱ በግዕዙ ተተክቶ «ደ» ይሆናል። ቢ ሲመታ «ብ» ይወጣል፤ ቀጥሎ የመጣው አር ተነባቢ ስለሆነ «ብ» ሳድስ እንደሆነ ይቀራል፣ «ር» ይከተላል፤ የመጨረሻው ኢ «ረ» ያደርገዋል። ያው ቁልፍ አንዴ «ደ»፣ አንዴ «ረ» ያወጣው ማሽኑ የቆመበት ሁነት ስለተለያየ ነው። ከቢ በኋላ አንድ ኢ በስህተት ቢመታ ደግሞ «ደብረ» «ደበረ» ይሆናል። ማሽኑ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ተነባቢ ብቻ ነውና ከተማዋ ትጠራ ትታማ አይለይም።

ተደራራቢ ቁልፎች ለጊዜው ቢተዉ፣ ለ33ቱ የፊደል ዘሮች 33 ሁነትና አንድ የዕረፍት ሁነት ይበቃል። በሙር ንድፍ ግን ውጤቱ በሁነቱ ላይ ስለሚጻፍ ለ231ዱም ፊደላት የየራሳቸው ሁነት ያስፈልጋል። አንዱ የሚሠራውን ሌላውም ይሠራል፤ ለትየባ የሚሻለው የሚሊ ነው።

የሙር ንድፍ የሚያምረው በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት ላይ ነው፤ በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በዚህ ስም ባይጠሩትም ስሌቱን ጠንቅቀው ያውቁታል። አራቱ ወንጌላውያን አራት ሁነቶች ናቸው፤ ግብዓቱ የዓመት መለወጥ፣ ውጤቱ የጳጉሜን ቀናት ቁጥር። ማቴዎስ 5፣ ማርቆስ 5፣ ሉቃስ 6፣ ዮሐንስ 5 ያወጣሉ። ማሽኑ የት እንደቆመ ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል። 2015 ሲደመር 7515 ይሆናል፣ 3 ይተርፋል፣ ሦስተኛው ሉቃስ ነው። ቀጣዩ ባለ 6 ቀን ጳጉሜን የ2019 ዓ.ም. ነው።