የአሮጌዋ ሀቫና ድንጋዮች

ሀቫና የኩባ ዋና ከተማ ናት። ስፔናውያን አሁን ባለችበት ቦታ ላይ የቆረቆሯት በ1519 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥንታዊው ሰፈር አሮጌ ሀቫና ይባላል። ከምሳ በኋላ ተነስተን ፀሐይ እስክትጠልቅ ብንዘዋወር ብዙውን ማየት እንችላለን። እስቲ ዞር ዞር እንበል።

መንገዶቹ ጠባብ ናቸው። ለምን? አገሩ ሞቃት ነው። መንገዱ ሲጠብ የግራና የቀኝ ቤቶች ጥላ ያርፍበታል፤ እግረኛውም በፀሐይ አይቃጠልም። የትልልቆቹ ቤቶች ግድግዳ ወፍራም፣ በራቸው ረጅም ነው። መካከላቸው ላይ ጣራ የሌለው ግቢ አለ። ሙቀቱ በዚያ ይወጣል፣ ነፋስም ይገባል።

ወደ ካቴድራሉ አደባባይ እንለፍ። ቦታው ድሮ ረግረግ ነበር። የካቴድራሉን ድንጋይ ጠጋ ብለን ስናይ የባሕር እንስሳት ቅርፊት እናገኝበታለን። ድንጋዩ ከባሕር ዳር የተቆረጠ ነው።

በአደባባዩ ጥግ አንዲት አጭር መንገድ አለች። ከተማዋ ባሕር ዳር ብትሆንም የባሕር ውኃ ጨው ስለሆነ አይጠጣም። ስለዚህ ከወንዝ እስከዚህ ድረስ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ቦይ ተቆፈረ። ሥራው በ1592 አለቀ። ይህንኑ የሚናገር ጽሑፍ በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። የአገረ ገዢው ስም አለበት። የቆፋሪዎቹ ስም ግን የለም።

ከዚያ ወደ ወደቡ ስንወርድ ምሽጎቹ ይታያሉ። በ1555 የፈረንሳይ የባሕር ወንበዴዎች ከተማዋን ስላቃጠሏት ስፔናውያን በድንጋይ ማጠር ጀመሩ። የወርቅና የብር መርከቦቻቸው የሚሰበሰቡት እዚህ ነበርና። በወደቡ አፍ ላይ ያለው ኤል ሞሮ የተባለው ምሽግ በ1589 ተጀምሮ በ1630 አለቀ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ድንጋይ ማን ተሸከመ? ከአፍሪካ በግድ ተግዘው የተሸጡ ባሮች ብዙውን ሠሩ። ባርነት በኩባ የቀረው በ1886 ነው።

አሮጌ ሀቫና በ1982 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። የኛው ላሊበላም ያለው በዚሁ መዝገብ ነው።

በኩባ በ1961 በተካሄደው የማንበብና የመጻፍ ዘመቻ ከ700,000 በላይ ሰዎች ፊደል ቆጥረዋል። ከነዚህም ውስጥ የባሮች ልጅ ልጆች ነበሩ። ፊደል የቆጠረ ሰው በድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ስም ያነባል። ስማቸው ያልተጻፈው እነማን እንደሆኑም ይጠይቃል። እኛም አንድ ጥንታዊ ግንብ ስናይ፣ ያሠራው ማን ነው ብለን አንቁም፤ የሠሩትስ እነማን ናቸው እንበል።