የመንግሥት ቅጥርና ለተወዳዳሪው የማይታየው ውጤት

የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ከቆሙ ወጣቶች ደጋግሞ የሚሰማ ቃል አለ፦ «ለደንቡ ወጣ እንጂ ሰው ተይዞለታል።» ይህን ጥርጣሬ የሰነፍ ሰበብ ብሎ ማለፍ ፍትሐዊ አይደለም። ከየት እንደመጣ ለመረዳት ቅጥር በሕግ እንዴት እንደተደነገገና በተግባር የቱ ላይ ከዓይን እንደሚሰወር ማየት ይገባል።

በችሎታ የመቅጠር ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. የማዕከላዊ ሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ቁጥር 23 ሲቋቋም፣ የመንግሥት ቅጥርን ከደጅ ጥናትና ከሹም ፈቃድ አውጥቶ ወጥ ሥርዓት ለማስያዝ ታስቦ ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሥራ ፈላጊ አልነበረም፤ የመንግሥት ምደባ ይደርሰዋል፣ ቦታውን ባይወደውም ደመወዙ እርግጥ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያ ምደባ በአብዛኛው ቀረ። ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ተከፈቱ፣ ተመራቂው በዛ፣ ክፍት የሥራ መደቡ ግን በዚያው ልክ አልጨመረም። ለአንድ መደብ በመቶዎች የሚሰለፉት ለዚህ ነው።

ሕጉ ራሱ ግልጽ ነበር። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999ም ሆነ እሱን የተካው 1064/2010፣ ክፍት መደብ የሚሞላው ተፈላጊውን ችሎታ በሚያሟላና ከሌሎች ተወዳዳሪዎች የበለጠ ውጤት ባገኘ ሰው ብቻ ነው ይሉ ነበር። እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲኖር ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ተወላጆች ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። በ2017 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1353 ወጥቶ 1064ን ተክቷል። ይህ የፌዴራሉ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው ሕግና የሥራ ቋንቋ አላቸው።

አመልካቹን የሚፈትነው ግን ከፈተናው በፊት ወረቀቱ ነው። የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው፣ ለቴክኒክና ሙያ ምሩቃን ሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ)፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተናም ማለፍ አለበት፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የወጪ መጋራት ዕዳውን ያልከፈለ ዋናውን ዲግሪ ስለማይወስድ በጊዜያዊው፣ ወጣቶቹ «ቴምፖ» በሚሉት፣ ይመዘገባል። ከሁሉ የሚከብደው የልምዱ ነው። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ካልተረጋገጠ ብዙ መሥሪያ ቤቶች አይቀበሉትም። ግብሩን ቀንሶ ማስገባት የነበረበት አሠሪው ነው፤ ዓመታቱን የሚያጣው ግን ሠራተኛው። ይህ በደል ነው፤ መታረምም አለበት። በአካል ካልቀረባችሁ አትመዘገቡም የሚለው መስፈርትም እንዲሁ። የምዝገባው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ለአዲስ አበባ መደብ ከጎንደር ወይም ከጂማ የሚመጣ ልጅ የመኪናና የአልጋ ከፍሎ ነው ስሙን የሚያስመዘግበው።

ከዚያ ማጣሪያው፣ የጽሑፍ ፈተናውና ቃለ መጠይቁ ይከተላል። ያለፈ ሰው የጤና ምስክር ወረቀትና (የኤችአይቪ ምርመራን አይጨምርም) ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ አቅርቦ፣ ቃለ መሐላ ፈጽሞ፣ በሙከራ ይሠራል። ያላለፈውስ? ብዙ ጊዜ የሚያየው የተመረጡትን ስም ብቻ ነው። የጽሑፍ ፈተናው ስንት ተያዘለት፣ በቃለ መጠይቁ ስንት አገኘ፣ ከአሸናፊው በስንት ነጥብ አነሰ፣ የሚነግረው የለም። ሕጉ «የበለጠ ውጤት ያገኘ» ካለ፣ ውጤቱን ያላየ ተወዳዳሪ ሕጉ መከበሩን በምን ያውቃል? ዝምታው በዘመድ የገባውንና በላቡ ያለፈውን አንድ ላይ ያሳማል፤ በችሎታው የተቀጠረ ወጣትም የሚገባውን ክብር ሳያገኝ ይቀራል።

ስለዚህ አመልካቾች የምዝገባ ቁጥራችሁንና ያስገባችሁትን ማስረጃ ኮፒ ያዙ፤ ውጤታችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ለምን ተጠየቅሁ የሚል ኃላፊ ቢገጥማችሁም አትፈሩ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም የሁሉንም ተወዳዳሪ ነጥብ፣ የጽሑፉንና የቃለ መጠይቁን ለየብቻ፣ በመለያ ቁጥር ይፋ አድርጉ። ይህን ለማድረግ አዲስ በጀትም አዲስ አዋጅም አያስፈልግም።