ፍቅር መድኃኒት ነውን? የኮሪያ የፍቅር ድራማዎችና የአእምሮ ሕመም

ባዶ እግሩን የሚሄድ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አለ። ደራሲ የመሆን ምኞት አለው፤ የጻፈውንም ይዞ ወደሚያደንቀው ታዋቂ ልቦለድ ጸሐፊ ይመላለሳል። ጸሐፊው ልጁን ይወደዋል፤ ይመክረዋል፤ ከአባቱም ዱላ ሊያስጥለው ይሮጣል። ተመልካቹ ከሁለቱ ጋር ጥቂት ክፍሎችን ከተጓዘ በኋላ ግን አንድ ትዕይንት ላይ ሲደርስ ይደነግጣል። ጸሐፊው ጎን ለጎን እየሮጠ፣ እየሳቀም የሚያወራው ከማንም ጋር አይደለም። ልጁ የለም፤ ኖሮም አያውቅም።

ይህ ትዕይንት የሚገኘው «ምንም አይደለም፣ ፍቅር ነው» በተሰኘውና ኤስ.ቢ.ኤስ የተባለው የደቡብ ኮሪያ ቴሌቪዥን ጣቢያ በ2014 ባሳየው ባለ 16 ክፍል ተከታታይ ድራማ ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የድራማው ደራሲ ኖ ሂ-ክዩንግ ናት። ተዋናዩ ጆ ኢን-ሱንግ ስኪዞፍሬንያ የያዘውን ጸሐፊ፣ ተዋናይቷ ጎንግ ህዮ-ጂን ደግሞ በፍቅሩ የተያዘችውን የአእምሮ ሐኪም ሆነው ይጫወታሉ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ፍቅር የታመመን አእምሮ ይፈውሳልን? ጥያቄው የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ከስኪዞፍሬንያ ጋር ይኖራሉ። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም በአሥራዎቹ ማብቂያና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነው። ይህ ደግሞ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት የብዙዎቹ ዕድሜ ነው። ስለ አእምሮ ሕመም የሚያውቀውን ሁሉ ከድራማ የተማረ ወጣት፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛው የሌለ ድምፅ መስማት በጀመረ ጊዜ ምን ያደርግ ይሆን?

ከደም ካንሰር ወደ አእምሮ ሕመም

የኮሪያ የፍቅር ድራማ ከበሽታ ጋር የቆየ ወዳጅነት አለው። በ2000 የታየው «መጸው በልቤ» ዋና ገጸ ባሕርይ በደም ካንሰር ትያዛለች። በ2002 የታየውና የኮሪያን ድራማ በእስያ ዙሪያ ያስተዋወቀው «የክረምት ሶናታ» ደግሞ በአደጋ ምክንያት ያለፈውን ሕይወቱን የረሳ ወጣት ታሪክ ነው። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ በሽታ የዕጣ ፈንታ መልእክተኛ ነው፤ ከውጭ መጥቶ ፍቅረኞችን ይለያያል።

ከ2014 ወዲህ ግን ሕመሙ ወደ ገጸ ባሕርያቱ ውስጣዊ ዓለም ገባ። በጥር 2015 ሁለት ተፎካካሪ ጣቢያዎች ከአንድ በላይ ማንነት ስላላቸው ወንዶች የሚተርኩ ሁለት የፍቅር ድራማዎችን በአንድ ወር ውስጥ ጀመሩ። በ2020 «ደኅና አለመሆንም ደኅና ነው» የተሰኘው፣ በ2023 ደግሞ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ የምትሠራ ነርስን ታሪክ የሚያሳየው «የዕለት ፀሐይ» ተከተሉ።

ከእነዚህ ድራማዎች ጥቂት ቀደም ብሎ ኮሪያ ውስጥ አንድ ትልቅ የስም ለውጥ ተደርጎ ነበር። ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ቃል ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ኦይገን ብሎይለር በ1908 ከግሪክ ቃላት ያዋቀሩት ሲሆን ትርጓሜው «የተሰነጠቀ አእምሮ» እንደ ማለት ነው። ኮሪያውያንም ይህንኑ በመከተል ሕመሙን «የአእምሮ መሰንጠቅ በሽታ» ይሉት ነበር። ስሙ ራሱ ታማሚውን የሚያስፈራና የሚያስገልል በመሆኑ በ2011 «ጆህዮንብዮንግ» በሚል ተተካ። «ጆህዮን» ማለት የአንድን የሙዚቃ መሣሪያ አውታር መቃኘት ነው። ክራር ወይም በገና የሚደረድር ሰው ምሳሌውን ለመረዳት አይቸገርም። ቅኝቱ የተዛባ መሣሪያ የተሰበረ መሣሪያ አይደለም፤ የሚቃኘው ይሻል እንጂ።

ድራማውና ሐኪሙ የሚስማሙበትና የሚለያዩበት

«ምንም አይደለም፣ ፍቅር ነው» በብዙ ነገር ትክክል ነው። ታማሚው መፈሪያም መሳቂያም ሳይሆን የሚሠራ፣ የሚቀልድና የሚወደድ ሰው ነው። ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ሆስፒታል ይተኛል፤ መድኃኒትም ይወስዳል። ሐኪሟ ራሷ ከፍቅርና ከአካላዊ ቅርበት የሚያሸሻት ጭንቀት አለባት። አብሯቸው የሚኖረው ወጣት ደግሞ ያለፈቃዱ ሰውነቱን የሚያስነቀንቀውና ድምፅ የሚያሰማው ቱሬት የተባለ ሕመም አለበት። በዚህም ድራማው «ጤነኛ» እና «በሽተኛ» የሚባሉት ሰዎች አንድ ጣሪያ ሥር እንደሚኖሩ ያሳያል።

ልዩነቱ ያለው በዝርዝሩ ላይ ነው። በስኪዞፍሬንያ ከሁሉ ይበልጥ የሚዘወተረው የሌለ ድምፅ መስማት ነው። ድምፆቹም ብዙውን ጊዜ የሚሳደቡ፣ የሚያስፈራሩ ወይም የሚያዝዙ ናቸው። ስምና ታሪክ ያለው አንድ ወዳጅ ለዓመታት አዘውትሮ መታየቱ ግን እምብዛም የሚያጋጥም አይደለም። ከዚህም ሌላ ሕመሙ ጸጥተኛ ገጽታ አለው፤ ፍላጎት ይጠፋል፤ ንግግር ያጥራል፤ ሰውየው ከጓደኞቹ ይርቃል፤ ለንጽሕናውም መጨነቅ ይተዋል። ይህ ገጽታ ለካሜራ ስለማይመች በድራማ ውስጥ ብዙ ቦታ አያገኝም። በእውነተኛው ሕይወት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እርሱ ነው።

በድራማው መጨረሻ አካባቢ ጸሐፊው ልጁ ዘወትር ባዶ እግሩን መሆኑን ያስተውላል፤ ከዚህም ተነሥቶ እውነተኛ አለመሆኑን ይደርስበታል። የልጁን እግር ያጥባል፤ ጫማ ይሰጠዋል፤ ይሰናበተዋልም። ትዕይንቱ ልብ ይነካል። ይሁን እንጂ በብዙ ታማሚዎች ዘንድ «አልታመምኩም» ማለት የግትርነት ውጤት ሳይሆን የሕመሙ አንድ ክፍል ነው፤ በክርክርና በማስረጃ ብቻም አይወገድም። ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት በ1952 ፈረንሳይ ውስጥ ለታማሚዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የሕክምናው መሠረት የሆኑት፣ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል ሥራ የሚገቱ መድኃኒቶች ናቸው።

ሰባት ሰዎች በአንድ ሰው ውስጥ

«ግደለኝ፣ ፈውሰኝ» በተሰኘው የ2015 ድራማ ተዋናዩ ጂ ሱንግ ሰባት ማንነቶች ያሉትን አንድ ወጣት ባለጠጋ ይጫወታል። የምትወደውም የአእምሮ ሕክምና በመማር ላይ ያለች ሐኪም ናት። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ይገባናል። ስኪዞፍሬንያ ብዙ ማንነት ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። ለስሕተቱ በከፊል ተጠያቂው «የተሰነጠቀ» የሚለው ያ አሮጌ ስም ነው።

በድራማው ውስጥ እያንዳንዱ ማንነት የራሱ ልብስ፣ ድምፅና ዕድሜ አለው። ይህ ለተዋናዩ ችሎታ ጥሩ ማሳያ ነው፤ በሕክምና ክፍል የሚታየው ለውጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስውር ነው። የሕመሙ መነሻም ተመራማሪዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንዳንዶች የከባድ የልጅነት በደል ውጤት ነው ሲሉ፣ ሌሎች የሐኪም ጉትጎታና የባህል ተጽዕኖ ድርሻ አላቸው ይላሉ።

ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው የታሪኩ አወቃቀር ነው። በድራማው ሁሉም ነገር በአንድ ምድር ቤት ውስጥ በተፈጸመ የልጅነት በደል ላይ ይገናኛል። ወንዱም ሴቷም የዚያ ምስጢር ባለቤቶች ናቸው፤ የተረሳው ሲታወስ ፈውሱም ይጀምራል። አንድ ቁስል፣ አንድ ምስጢር፣ አንድ ፈውስ፤ ይህ ለልቦለድ የተመቸ ቀመር ነው። የሰው ትውስታ ግን የተቆለፈ ሣጥን አይደለም፤ በታወሰ ቁጥር እንደገና ይሠራል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ሊቅ ኤልዛቤት ሎፍተስ በ1995 ከባልደረባዋ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ከ24 ተሳታፊዎች ሩብ ያህሉ በልጅነታቸው ገበያ አዳራሽ ውስጥ ጠፍተው እንደነበር በከፊል ወይም በሙሉ «አስታውሰዋል»። ነገሩ ግን ፈጽሞ አልደረሰባቸውም ነበር። የተረሳን በደል አጥብቆ መቆፈር አንዳንድ ጊዜ ያልነበረን በደል ሊፈጥር ይችላል።

የቢራቢሮዋ እቅፍ

በ2020 በታየው «ደኅና አለመሆንም ደኅና ነው» ውስጥ አንድ የአእምሮ ሆስፒታል ሠራተኛ ለምትጨነቀው ወጣት ሴት ቀላል እንቅስቃሴ ያስተምራታል፤ እጆችን ደረት ላይ አመሳቅሎ ትከሻን በቀኝና በግራ እያፈራረቁ በቀስታ መምታት። ይህ የደራሲ ፈጠራ አይደለም። «የቢራቢሮ እቅፍ» የሚባለው ይህ ዘዴ ሜክሲኮ ውስጥ የተወለደ ነው። በ1997 ፖሊን የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ የአካፑልኮን ከተማ ከመታ በኋላ፣ ሉሲና አርቲጋስ የተባሉት ባለሙያ በ1998 ከአደጋው የተረፉ ሕፃናትን ሲረዱ የተጀመረ ነው። መነሻው ፍራንሲን ሻፒሮ በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ የፈጠሩት በዓይን እንቅስቃሴ የሚታገዝ ሕክምና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሕክምና በ2013 ከከባድ አደጋ በኋላ ለሚመጣ የጭንቀት ሕመም ከመከራቸው ሕክምናዎች አንዱ አድርጎታል። የፈውሱ ምንጭ ግራ ቀኙ እንቅስቃሴ ነው ወይስ አስፈሪውን ትውስታ በተረጋጋ ሁኔታ መጋፈጡ የሚለው ግን አሁንም ያከራክራል።

በዚሁ ድራማ ውስጥ ኦቲዝም ያለበት ታላቅ ወንድም በልጅነቱ የእናቱን መገደል ስላየ ቢራቢሮን ይፈራል። ድራማው ኦቲዝሙን ሊፈውስለት አይሞክርም፤ ኦቲዝም የሚድን በሽታ ሳይሆን ከሰውየው ጋር የሚኖር የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነውና። ፍርሃቱ ግን ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ በመጨረሻም በሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ቢራቢሮ ለመሳል ይበቃል። የሚፈሩትን ነገር በጥቂቱና ደጋግሞ መቅረብ የሥነ ልቦና ሕክምና ከሚታመንባቸው መንገዶች አንዱ ነው።

ፍቅር ሲለካ

አሁን ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። ፍቅር በሳይንስ ሊለካ ይችላልን? በአንድ በኩል ተለክቷል፤ ውጤቱም ያልተጠበቀ ነው።

በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆርጅ ብራውን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከአእምሮ ሆስፒታል የወጡ ወንዶችን ተከታተሉ። ማንም ሰው ቢጠየቅ ወደ ወላጆቻቸውና ወደ ሚስቶቻቸው የተመለሱት ይሻላቸዋል ብሎ ይገምታል። በ1958 የታተመው ውጤት ግን ተቃራኒ ሆነ። በኪራይ ክፍል ወይም ከእኅትና ከወንድም ጋር የኖሩት የተሻለ ጤንነት ነበራቸው።

ለምን ይሆን? ተመራማሪዎቹ ቤተሰቦችን እያነጋገሩ፣ የድምፃቸውን ቃና ሳይቀር እየመዘኑ፣ ሕመሙን የሚያገረሹ ሦስት ነገሮችን ለዩ። አንደኛው የማያቋርጥ ነቀፋ ነው፤ ሁለተኛው ጥላቻ ነው። ሦስተኛው ከልክ ያለፈ ስሜታዊ ቁርኝት ነው፤ ይኸውም ራስን ሙሉ በሙሉ መሠዋት፣ ዘወትር ማልቀስ፣ ታማሚውን እንደ ሕፃን መጠበቅ ነው። ክርስቲን ቮን እና ጁሊያን ሌፍ በ1976 ባሳተሙት ጥናት ከብራውን ጥናት ጋር ተጠቃልለው የተመዘኑት ታማሚዎች 128 ነበሩ። እነዚህ ስሜቶች በበዙበት ቤት ከሚኖሩት 51 በመቶ የሚሆኑት ሕመማቸው በዘጠኝ ወራት ውስጥ ሲያገረሽ፣ በተረጋጋ ቤት ከሚኖሩት ግን ያገረሸባቸው 13 በመቶ ብቻ ናቸው።

ሦስተኛውን ነገር ልብ እንበል። ብዙ የፍቅር ድራማ «እውነተኛ ፍቅር» ብሎ የሚያሳየን፣ ያለ እንቅልፍ መጠበቅን፣ ለሌላው ሲሉ ሕይወትን መተውን፣ እንባን ነው። ጥናቱ የሚያሳየው ግን የሚጠቅመው ሌላ ዓይነት ፍቅር መሆኑን ነው፤ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፣ የማይነቅፍ፣ ሰውየውን ከሕመሙ የሚለይና ለብቻው የሚሆንበትን ቦታ የሚተውለት። ይህ ሲባል ቤተሰብ የሕመሙ መንሥኤ ነው ማለት እንዳልሆነ በጥብቅ ማሳሰብ እንወዳለን። የሕመሙ ክብደት ራሱ ቤተሰብን ያስጨንቃል። መልካሙ ዜና ይህ ጠባይ በትምህርት የሚለወጥ መሆኑ ነው፤ ቤተሰብ ስለ ሕመሙ ሲማር ማገርሸቱ ይቀንሳል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ «ምንም አይደለም፣ ፍቅር ነው» ከብዙዎቹ ይልቅ ብልህ ነው። ሐኪሟ በመጨረሻ ሕይወቷን ለታማሚ ጠባቂነት አታውልም፤ በእርሱው ግፊት ለአንድ ዓመት ወደ ሩቅ አገር ትጓዛለች። ሁለቱም ይኖራሉ፤ ሁለቱም ይጠብቃሉ።

የፍቅርና የመድኃኒት ጥምረት በአገራችንም ተፈትኗል። በጉራጌ ዞን፣ በሶዶ አካባቢ የተካሄደና ውጤቱ በ2022 የታተመ ጥናት ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች በሁለት ከፈለ። አንዱ ወገን በጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ አገኘ። ሌላው ወገን ከሕክምናው በተጨማሪ ለ12 ወራት ሠልጣኝ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ቤቱ ድረስ እየሄዱ እርሱንና ቤተሰቡን አገዙ። ሁለተኛው ወገን በዕለት ኑሮው የነበረበት ችግር ይበልጥ ቀነሰለት። የሰው ድጋፍ መድኃኒቱን አልተካም፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ብቻውን ያልደረሰበት ቦታ ደረሰ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የእነዚህ ድራማዎች ትልቁ ውለታ ደባቂውን አለማሳፈራቸው ነው። በ«የዕለት ፀሐይ» የምትታከመው በሽተኛ ቀድሞ ሌሎችን ስትረዳ የነበረችው ነርስ ራሷ ናት፤ ሕመም የማንንም በር እንደማይዘል ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አይቻልም።

ትልቁ ስሕተታቸው ደግሞ ጊዜን መርሳታቸው ነው። በድራማ ውስጥ ፍቅር እስኪያብብ ድረስ ሕመሙ ይጠብቃል፤ በእውነቱ ግን ሕክምናው በዘገየ ቁጥር ውጤቱ ይደክማል። ስለዚህ ጓደኛችን ከሰው ቢርቅ፣ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ማንም የማይሰማውን ቢሰማ ወይም ሁሉም ሰው እንደሚያሳድደው ቢያምን፣ አንከራከረው፤ አንሳቅበትም። በእርጋታ እናዳምጠው፤ አብረነውም ወደ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ወይም በአቅራቢያችን ወዳለ የጤና ተቋም እንሂድ። ሕይወቱን የማጥፋት ሐሳብ ካለው ደግሞ ብቻውን አንተወው፤ እርዳታ ለመጥራትም አንዘግይ።

ፍቅር መድኃኒት ነውን? መድኃኒት አይደለም። ሆኖም አውታር ከልክ በላይ ቢከር ይበጠሳል፤ ቢላላም ድምፅ የለውም። የሚቃኘው እጅ ኃይለኛ ሳይሆን የሚያዳምጥ ሊሆን ይገባል። ጓደኛውን ወደ ሐኪም የሚወስድ፣ መድኃኒቱንም ሲወስድ ሳይነቅፍና ሳይጨናነቅ አጠገቡ የሚገኝ ሰው፣ ድራማው ያላሳየውን ትልቅ ፍቅር ፈጽሟል።