ያውቁ ኖሯል? አመክንዮን ያስቀደሙት ፈላስፎች

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ፣ አስተማማኝ እውቀት የሚገኘው ከስሜት ሕዋሳት ይልቅ ከአመክንዮ ነው የሚሉ ፈላስፎች ተነሡ። ሳይንስ ዛሬም ድረስ የእነሱ ባለዕዳ ነው። (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

• ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት በ1637 ባሳተመው ሥራ አንድ ሙከራ ገልጿል። የሞተ በሬ ዓይን ይወሰዳል፤ የጀርባው ሽፋን በጥንቃቄ ተገፎ በስስ ወረቀት ወይም በእንቁላል ቅርፊት ይተካል። ዓይኑ በጨለማ ክፍል የመስኮት ቀዳዳ ላይ ሲገጠም፣ የውጭው ዓለም ተገልብጦ ቅርፊቱ ላይ ይታያል። የዴካርት መደምደሚያ፦ የምታየው ነፍስ እንጂ ዓይን አይደለም።

• ተማሪዎች ዛሬ የእኩልታ ግራፍ ሲሠሩ፣ ዴካርት በዚያው መጽሐፍ ጂኦሜትሪን ከአልጀብራ ያገናኘበትን መንገድ ይከተላሉ።

• ባሩክ ስፒኖዛ ታላላቅ የፍልስፍና ሥራዎቹን የጻፈው ለማይክሮስኮፕና ለቴሌስኮፕ የሚሆኑ ሌንሶችን እየሞረደ ነው።

• ጎትፍሪድ ላይብኒዝ በ1673 የሒሳብ ማሽኑን ሞዴል ለንደን ለሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ አሳየ። በ1703 ደግሞ ቁጥርን ሁሉ በ0 እና በ1 ብቻ መጻፍ እንደሚቻል የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተመ። ኮምፒውተር የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው።

• የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ በ1643 ለዴካርት በላከችው ደብዳቤ፣ አካል የሌላት ነፍስ ሥጋን እንዴት ልታንቀሳቅስ እንደምትችል ጠየቀችው። ዴካርት በ1649 የነፍስ ዋና ማዕከል በአንጎል መሃል ያለች ትንሽ እጢ ናት ሲል ጻፈ። እጢዋ እንቅልፍን የሚያግዘውን ሜላቶኒን የምታመነጭ መሆኗ ዛሬ ታውቋል፤ የልዕልቷ ጥያቄ ግን የአንጎል ተመራማሪዎችንና ፈላስፎችን እስካሁን ያከራክራል።