ሰደፉን የሠራው እጅ የማን ነው?

የፋብሪካ ጠመንጃን ሠሪ ማወቅ አያስቸግርም። የፋብሪካው ስምና የመለያው ቁጥር ብረቱ ላይ ተመትተዋል። እንጨቱ ግን ዝም ይላል። ባለፈው ምዕተ ዓመት በአሜሪካ በትእዛዝ የተሠሩ ብዙ የአደን ጠመንጃዎች ብረታቸው የታወቀ ፋብሪካ ሥራ ሲሆን፣ እንጨታቸው የአንድ ባለሙያ የወራት ድካም ነው። ያ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ስሙን ጨርሶ አልጻፈም፤ ከጻፈም ዓይን በማያየው ቦታ ነው። ጠመንጃው ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲያልፍ ስሙ በመንገድ ይጠፋና «ይህን ማን ሠራው?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ ሰደፍ የምንለው ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ክፍል ብቻ አይደለም። ከዚያ ተነሥቶ፣ ቃታውን አልፎ፣ እስከ ግራ እጅ መያዣው የሚዘልቀውን እንጨት በሙሉ ነው።

ዘመኑና ባለሙያዎቹ

ሙያው በአሜሪካ ያበበው ስፕሪንግፊልድ 1903 በተባለው የወታደር ጠመንጃ ዙሪያ ነው። ብረቱ የተመሰገነ ነበር፤ እንጨቱ ግን የተሠራው ለሰልፍና ለጦር ሜዳ እንጂ ለአዳኝ ትከሻ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ለራሳቸው በሚስማማ እንጨት አሠርተው እ.ኤ.አ. በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ አደን ይዘውት ሄዱ። ስለ ጉዞው የጻፉትን መጽሐፍ ካነበቡት አንዱ የኒው ዮርኩ የቤት ዕቃ አናጢ ሲሞር ግሪፊን ነበር። እሱም ስፕሪንግፊልድ ገዝቶ እንጨቱን በገዛ እጁ ሠራ፤ ለሌሎችም ይሠራ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1923 ኮሎኔል ታውንሰንድ ዌለን ከብረት ባለሙያው ከጄምስ ሃው ጋር አገናኙትና ግሪፊን ኤንድ ሃው የተባለው ድርጅት ተመሠረተ።

ሌሎቹ በየትንንሹ ከተማ ተበትነው ይሠሩ ነበር። አልቪን ሊንደን በዊስኮንሲን ብራያንት፣ ቶማስ ሼልሃመር በሚሺጋን ዳዋጂያክ ኒድነር በተባለው የጠመንጃ ድርጅት፣ አል ቢሰን ደግሞ በዋሽንግተን ግዛት ስፖኬን ውስጥ። የቢሰንን ስም በመላው አገሪቱ ያስጠራው ደራሲው ጃክ ኦኮነር ነው፤ አብልጦ የሚወዳቸውን ባለ .270 ዊንቸስተሮች ሰደፍ የሠራለት እሱ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤልጂየም ማውዘር ብረቶችም በአሜሪካ ሰደፍ ሠሪዎች እጅ በብዛት ገቡ። አባቶቻችን «በልጅግ» እያሉ የሚያሞግሱት ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከዚያችው ከቤልጂየም ነውና፣ ብረቱ ለእኛም እንግዳ አይደለም።

ስሙ የሚደበቅባቸው ቦታዎች

ከሁሉ አስቀድሞ ጠመንጃው ጥይት አለመጉረሱን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ ግድ ነው። ከዚያ በብሎኖቹ ጭረት ልክ በሆነ ካቻቢቴ ብረቱ ከእንጨቱ ይለያል። ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ይበላዋል፤ ያልተነካካ የብሎን ራስ ደግሞ ራሱ ማስረጃ ነው።

ስም የሚፈለገው አፈሙዙ በሚተኛበት ቦይ ውስጥ፣ በሰደፉ ጫፍ ካለው ብረት ሥርና በመጨበጫው ክዳን ሥር ነው። አንዳንዱ በማኅተም መትቶታል፤ አንዳንዱ በእርሳስ ስሙን፣ ቀኑን ወይም የደንበኛውን ስም ጽፏል። የግሪፊን ኤንድ ሃው ሥራ ከሆነ የድርጅቱ ስምና የራሱ ቁጥር አፈሙዙ ላይ ይገኛል፤ ያ ቁጥር ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ሲመሳከር መጀመሪያ ያዘዘውን ሰው ጭምር ሊያሳውቅ ይችላል።

ስም ሲጠፋ እጅ ይመሰክራል

የብራና መጻሕፍት ዐዋቂ የቁም ጸሐፊው ስም ባይገኝም አጣጣሉን አይቶ እጁን ይለያል። ሰደፍም እንዲሁ ይነበባል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚናገረው መጨበጫውና የፊት መያዣው ላይ የሚቀረጸው ጥልፍልፍ መስመር ነው። እጅ እንዳያንሸራትት በሁለት አቅጣጫ የሚጫሩት መስመሮች ሲቋረጡ ሹል ጫፍ ያላቸው ጥቃቅን አልማዝ መሰል ቅርጾች ይፈጥራሉ። በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት መስመር አለ? የፋብሪካው ብዙውን ጊዜ ወደ 18 ወይም 20 ሲሆን፣ የጥሩ ባለሙያ ሥራ 24፣ ከዚያም በላይ ይደርሳል። ዳር ላይ ማጠሪያ መስመር አለው ወይስ የለውም? ማጠሪያ የሌለው ሥራ የሊቅ እጅ ሥራ ነው፤ መሣሪያው በፀጉር ያህል ቢያልፍ ስሕተቱን የሚሸፍን ነገር የለምና። የንድፉም ምርጫ ሰውን ያሳያል፤ ቢሰን የአበባ ቅርጽ ያለውን ፍለር ደ ሊ በመውደዱ ይታወቃል።

ቀጥሎ የቅርጹ መስመር ይታያል። የጉንጭ ማሳረፊያው ጠርዝ እንዴት ከመጨበጫው ጋር ይዋሐዳል? መጨበጫው ምን ያህል ይጎብጣል? በሎስ አንጀለስ ይሠራ የነበረው ሉድቪግ ዉንድሃመር መጨበጫው ላይ መዳፍ የሚሞላ እብጠት ያወጣ ስለነበር፣ እብጠቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በመጨረሻ የውስጡ ሥራ አለ። ባለሙያው ብረቱን ጥላሸት ቀብቶ እንጨቱ ላይ ይጫነዋል፤ ጥቁር ምልክት ያረፈበትን በመሮ ይፍቃል፤ መልሶ ይጭናል፤ ብረትና እንጨት ወረቀት እስከማያስገቡ ድረስ ይህን ይደጋግማል። ማንም በማያየው ቦይ ውስጥ የመሮው አካሄድ ንጹሕ ከሆነ፣ እዚያ የሠራው ሰው ለዓይን ብቻ የሚሠራ አልነበረም።

የሚያሳስቱ ምልክቶች

ጀማሪ የሚሳሳተው በብረታ ብረቱ ነው። የኒድነር የሰደፍ ጫፍ ብረት ለሌሎች ሠሪዎችም ይሸጥ ስለነበር፣ እሱን ማየት ብቻውን ሰደፉ ከኒድነር ቤት ወጣ አያሰኝም። በሚዙሪ ዋርሶው የነበሩት ፋየንና ቢሾፕ የተባሉ ድርጅቶች ደግሞ በከፊል የተጠረበ እንጨት በፖስታ ይልኩ ነበር፤ የጨረሰው ማንኛውም ትጉህ ሰው ሊሆን ይችላል። ዘመንን ለመገመት ግን የሚረዱ ነገሮች አሉ። በፊት መያዣው ጥቁር ጫፍና በእንጨቱ መካከል የገባ ነጭ ስስ ፕላስቲክና ከፍ ያለ የጉንጭ ማሳረፊያ እ.ኤ.አ. በ1945 ከተመሠረተው ዌዘርቢ ከተባለው የጠመንጃ ድርጅት ጋር የገነነውን የድኅረ ጦርነት ፋሽን ያስታውሳሉ።

ስለዚህ ፍርዱ ልክ ሊኖረው ይገባል። ፊርማ ወይም መዝገብ ሲገኝ «የእገሌ ሥራ ነው» ይባላል። ጥልፍልፉ፣ ቅርጹና የውስጡ ሥራ ሠሪያቸው ከታወቀ ሥራዎች ጋር ጎን ለጎን ተያይተው ሲስማሙ «የእገሌን እጅ ይመስላል» ማለት ይበቃል። አንድ ምልክት ብቻ ይዞ ትልቅ ስም መለጠፍ ገዢን ማታለል ነው፤ ስሙ ሳይታወቅ ያለፈውን እውነተኛ ሠሪም ሁለተኛ ጊዜ መቅበር ነው።

አሮጌ ሰደፍ ከቤተሰብ የወረሳችሁ ሁሉ፣ እንዲያበራ ብላችሁ ብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት። ጥልፍልፉ ከተፋቀ የሠሪው እጅ አብሮ ይፋቃል። ከመጠገን በፊት ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሡት፤ ደረሰኝና ደብዳቤ ካለ አብሮት ይቀመጥ፤ ታሪኩን የሚያውቅ አዛውንት በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቁና ጻፉ። እንጨቱ ከሁላችንም በላይ ይኖራል፤ የሠሪው ስም ግን የሚኖረው የጻፈው ሰው ካለ ብቻ ነው።