ስለ ደጋን ጀርባ ልባስ

ደጋን በተሳበ ጊዜ ሁለቱ ገጾቹ የሚሸከሙት ጫና ተቃራኒ ነው፤ ወደ ቀስተኛው የሚመለከተው ሆዱ ሲጨመቅ፥ ወደ ዒላማው የሚመለከተው ጀርባው ይለጠጣል። በጀርባው በኩል የእንጨቱ ቃጫ በመጥረቢያ ተቆርጦ ወይም በጉጥ ተቋርጦ እንደሆነ፥ ከዚያ ስፍራ አንዲት ስንጥር ትነሣና ደጋኑ በቅጽበት ይሰበራል። ጀርባውን ልባስ ማልበስ ያስፈለገውም ይህችን ስንጥር ለመግታት፥ ሲሆንም ለእንጨቱ ኃይል ለመጨመር ነው።

የልባሱን ምርጫ ምሥጢር ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በሰሜን ካሊፎርኒያ ይኖር የነበረው የያሂ ሕዝብ ደጋን ነው። ከሕዝቡ የመጨረሻ ሆኖ የተረፈው ኢሺ እ.ኤ.አ. በ1911 በኦሮቪል ከተማ ከተገኘ በኋላ፥ ሳክስተን ፖፕ የተባለው ሐኪም ወዳጁም ደቀ መዝሙሩም ሆኖ ጥበቡን በጽሑፍ አቆየልን። ኢሺ ደጋኑን ይጠርብ የነበረው የአገራችን ጥድ ዘመድ ከሆነው የተራራ ጥድ ሲሆን፥ ይህ እንጨት መጨመቅን የሚታገሥ፥ መለጠጥን ግን የማይችል ነው። ስለዚህ የአጋዘን ጅማት እያኘከ ያለሰልስና በቀጫጭኑ ይሰነጥቅ፥ ከሳልሞን ዓሣ ቆዳ ቀቅሎ ባወጣው ሙጫም ሆን ብሎ ባሻከረው ጀርባ ላይ በርዝመቱ ይደረድረው ነበር። ጅማት ሳይበጠስ ከእንጨት ይልቅ እጅግ አብልጦ ይለጠጣልና ለስላሳውን ሆድ አይጨፈልቀውም፤ ሲደርቅም እየተኮማተረ ደጋኑን ወደ ፊት ይቀለብሰዋል። ከአንድ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ አጭር ደጋን ሳይሰበር ለአደን የበቃው በዚህ ተዋሕዶ ነው።

ይሁን እንጂ ጅማት በሚገባ ለመድረቅ ሳምንታት፥ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል፤ እርጥበት ካገኘውም ይለዝባል። ዝናም በሚበዛበት አገር ቀርከሃ ወይም ሂከሪ የተባለው የአሜሪካ እንጨት ይሻላል፤ እነዚህ ግን እጅግ ጽኑዓን ስለሆኑ፥ ከደካማ ሆድ ጋር ቢጣበቁ የሆዱ ቃጫ ይታጠፍና እንደ ፀጉር የቀጠኑ አግዳሚ መስመሮች ይወጡበታል። ስለዚህ ኢፔንና ኦሴጅን ከመሰሉ ጠንካራ እንጨቶች ጋር ቢጋጠሙ ይገባል። ያልለፋ ቆዳ፥ ሐርና የተልባ እግር ጨርቅ ስንጥርን ይገታሉ እንጂ ለጉልበቱ የሚጨምሩት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ቢሆንም ጀርባው ለሚያጠራጥር ደጋን ጀማሪው ቢመርጥ የምወድለት ስስ ያልለፋ ቆዳ ነው። ስስ መሆኑን አጥብቄ የምናገረው በደጋኑ ጫፎች ላይ የሚጨመር ክብደት ሁሉ የፍላጻውን ፍጥነት ስለሚቀንስ ነው። በአንድ የዕድሜ ቀለበት ላይ ሳይቋረጥ በጥንቃቄ የተጠረበ ጉጥ የለሽ ኦሴጅ ግን ልባስ ሳያሻው ለብዙ ዘመን ያገለግላል።