ስክሪኑ ከመሰንጠቁ በፊት

ልጁን ባሕር ማዶ የላከ ቤተሰብ የእጅ ስልክ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ዓርብ ማታ ጅዳ ያለችው ልጅ ስትደውል እናት ከማዕድ ቤት፣ ታናናሾች ከየክፍላቸው ተጠራርተው አንዲት ትንሽ መስታወት ይከባሉ። የቤቱ ናፍቆት የሚወጣው በእርሷ በኩል ነው። ታዲያ አንድ ቀን ስልኩ ከሶፋው ጠርዝ ይንሸራተትና ሴራሚኩ ላይ በፊቱ ይደፋል። ሲያነሡት ስክሪኑ የሸረሪት ድር መስሏል፤ ቶቹም ለጣት አልታዘዝ ብሏል። ጠጋኙ የሚጠራውን ዋጋ ሰምቶ "በዚህ ላይ ጥቂት ጨምሬ ሌላ ስልክ ብገዛ አይሻለኝም?" ያላለ ሰው ጥቂት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን አደጋ ፈጽሞ ማስቀረት ባይቻልም በአነስተኛ ወጪ መቀነስ ይቻላል። አንዱ መንገድ ስክሪን ፕሮቴክተር መለጠፍ ነው። ይሁን እንጂ በየሱቁ ተደርድሮ የምናየው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እንግዲያውስ ስንገዛ ምን ምን እንመልከት?

የስክሪን ጠላቶች

የስክሪን ጠላቶች ሁለት ናቸው፤ ጭረትና ስብራት። ብዙዎቻችን ስክሪን የሚጭረው በኪስ አብሮት የሚቀመጠው ቁልፍና ሳንቲም ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጣው፣ ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው የጥንካሬ መለኪያ፣ የስልክ መስታወት 6 አካባቢ ላይ ይገኛል። ቁልፍና ሳንቲም በአብዛኛው ከዚህ በታች ናቸው። በተራ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን 7 ነው። ስለዚህ በኪስ ወይም በቦርሳ ስፌት ውስጥ የተደበቀች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከአንድ እስር ቁልፍ የበለጠ ትጎዳለች። ጭረት ደግሞ ለዓይን ከማስጠላት አልፎ መስታወቱን ያደክመዋል። ስልኩ ሲወድቅ ስንጥቁ መንገድ የሚያገኘው እንዲህ ካለው ደካማ ቦታ ነው።

ፕላስቲክ ወይስ መስታወት?

በገበያ የሚገኘው መከላከያ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ስስ ፕላስቲክ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፤ ጭረትንም ይከላከላል። ስልኩ ሲወድቅ ግን የሚሰጠው እርዳታ እጅግ ትንሽ ነው። ሻጮች ሃይድሮጅል የሚሉት ለስላሳ ዓይነት ጠርዙ ወደ ጎን ለታጠፈ ስክሪን ይስማማል፤ እንዲህ ባለው ስልክ ላይ ደረቅ መስታወት ጠርዙ እየተነሣ ያስቸግራልና። ተጣጣፊ ስልክ ያለው ሰው ደግሞ ከፋብሪካው ተለጥፎ የመጣውን ሽፋን በራሱ እጅ መላጥ የለበትም።

ሁለተኛው የተጠናከረ መስታወት ሲሆን ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 0.33 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሚጠናከርበት አንዱ ዘዴ በ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በቀለጠ የፖታስየም ጨው ውስጥ መንከር ነው። ከመስታወቱ ገጽ ትንንሾቹ የሶዲየም ቅንጣቶች ይወጡና በቦታቸው ተለቅ ያሉት የፖታስየም ቅንጣቶች ይገባሉ። ታክሲ ውስጥ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሰው ሲቀመጥ እንደሚሆነው፣ እርስ በርስ ይጨናነቁና ገጹን ያጠብቁታል። ይህ መስታወት ስልኩ ሲወድቅ ምቱን በስክሪኑ ፈንታ ተቀብሎ ራሱ ሊሰበር ይችላል። ሕፃናት ስልክ በሚነካኩበት ቤት የሚመረጠውም ይኸው ነው።

ቁጥሩ አያታልለን

በካርቶኑ ላይ "9ኤች" የሚል ጽሑፍ ያላየ የለም። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ተማሪ ልጅ ያለው ሰው "ኤች ቢ" የተጻፈበትን እርሳስ ያውቃል። 9ኤች በዚያው የእርሳስ መለኪያ የመጨረሻው ደረቅ እርሳስ ነው። ጽሑፉ የሚለው መስታወቱ በዚህ እርሳስ ቢሞከር አይጫርም ነው እንጂ በሞስ መለኪያ 9 ደርሷል ማለት አይደለም፤ አሸዋ አሁንም ይጭረዋል። "2.5ዲ" የሚለው የጠርዙን መለዘብ ያመለክታል። "9ዲ"፣ "21ዲ" እየተባለ የሚጨመረው ግን የጥንካሬ ልክ ሳይሆን የሻጮች ፉክክር ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ሦስት ነገር እንመልከት። አንደኛ፣ መከላከያው በትክክል ለስልካችን ሞዴል የተሠራ መሆኑን፤ "ይሆናል፣ ይቀራረባል" የሚባለው ጠርዙ ይነሣል። ሁለተኛ፣ ሙጫው በሙሉ ገጹ ላይ ያለ ወይስ ዳር ዳሩን ብቻ የተቀባ መሆኑን። ሦስተኛ፣ የጣት ቅባት የሚከላከል ቅብ ያለው መሆኑን፤ ጠብታ ውኃ ሲያደርጉበት ተጠራቅሞ እንደ እንክብል ከቆመ ቅቡ አለ፣ ከተንጣለለ የለም።

የጣት አሻራና የሰው ዓይን

አንዳንድ ስልኮች አሻራን የሚያነቡት በስክሪኑ ሥር ነው። ከእነዚህ መካከል በድምፅ ሞገድ የሚሠሩት በመከላከያውና በስክሪኑ መካከል አየር ከገባ ማንበብ ይሳናቸዋል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 10 ላይ የታየው ችግር ደግሞ የባሰ ነበር፤ በአንዳንድ የሲሊኮን ሽፋኖች ላይ ያለውን ቅርጽ ስልኩ እንደ አሻራ በመቁጠሩ ለባለቤቱ ላልሆነ ጣትም ይከፈት ነበር። ኩባንያው በዚያው ወር ማስተካከያ አውጥቷል። ስለዚህ አዲስ መከላከያ ከተለጠፈ በኋላ አሻራን እንደገና ማስመዝገብና በሌላ ሰው ጣት መሞከር ይገባል። ገንዘባችን በስልክ ውስጥ በሆነበት በዚህ ዘመን ነገሩ ቀላል አይደለም።

"ፕራይቬሲ" የሚባለውም ለዚሁ ይጠቅማል። ከፊት ለፊት ካልሆነ በቀር ስክሪኑን ያጨልማል፤ ታክሲ ውስጥ ቴሌብር ለሚከፍት ሰው መልካም ነው። ነገር ግን ብርሃን ይቀንሳል፤ ብርሃኑን ከፍ ሲያደርጉት ባትሪው ይሟጠጣል። ዓይናቸው ለደከመ አባትና እናት ባይለጠፍ ይሻላል።

አለጣጠፉ

ምርጡም መስታወት አቧራ ላይ ከተለጠፈ ብልሹ ነው። ነፋስ በሚያቦንበት የመንገድ ዳር ሳይሆን ቤት ውስጥ ይለጠፍ። በሙቅ ውኃ ከታጠብን በኋላ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የሚቀረው እንፋሎት አቧራን ስለሚያረግብ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ስክሪኑን በእርጥብ፣ ቀጥሎም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ የቀረችውን ብናኝ በማጣበቂያ ማንሣት፣ ከዚያም መስታወቱን ከመሃል ለቆ ራሱ እንዲያርፍ መተው ነው።

በመጨረሻም፣ ስልክ በማዕዘኑ ሲወድቅ ስክሪን ፕሮቴክተር ብቻውን አያድንም። ጠርዙ ከስክሪኑ ከፍ ያለ ከቨር ይጨመርበት። መከላከያው አንድ ቀን ተሰንጥቆ ቢገኝ ደግሞ "ምን ዋጋ አለው፣ ተሰበረ" ብለን አናማርር። ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ስባሪው የሕፃን ጣት ሳይቆርጥ አንሥቶ ሌላ መለጠፍ ብቻ ነው የቀረን። በሚቀጥለው ዓርብ ማታም ከጅዳ ስትደውል ፊቷ ጥርት ብሎ ይታያል።